እጮኛዬን የፕላስቲክ መርከብ ነጠቀችኝ!

መቼም በዚህ ገጽ ያልተነሳ የፍቅር ጣጣ የለም። ወንዱ ድራፍት ቤት ውሎ አደረ፣ ሴቷ ከስልኳ ጋር ተጋባች፣ ኳስ ትዳር አፈረሰ... ብቻ ሁሉንም ሰምተናል። ሰሞኑን እጄ የገባው ደብዳቤ ግን «ይሄስ ደግሞ ከወዴት መጣ?» የሚያሰኝ ነው። የጻፈችው ስሟ እንዲቆይላት የጠየቀች የ26 ዓመት ወጣት ናት። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ።

«... ከእጮኛዬ ጋር አራት ዓመት ቆይተናል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስረን፣ ለሠርጋችን በጋራ ብር ማጠራቀም ከጀመርን ዓመት አልፎናል። መጠጥ የለ፣ ጫት የለ፣ ሌላ ሴት የለ። ሁሉም ሰው ‹የታደልሽ!› ነው የሚለኝ። ጉዱ የመጣው የአክስቱ ልጅ ከጀርመን አንድ ካርቶን ይዞለት የመጣ ቀን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ብትንትኗ የወጣ የፕላስቲክ መርከብ አለች። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ሲወጣ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ስደውልለት ‹እጄ ሙጫ ነክቷል› ይለኛል። ቅዳሜ እንገናኝ ስለው ‹ቀለሙ እየደረቀ ነው› ይላል። ኋላ ላይ ስሰማማ የገዛት ከሠርጋችን ብር ቀንሶ ነው! ከሁሉ የባሰው ደግሞ መርከቧ የሂትለር ናት አሉ። ሰው የሚሠራው አጥቶ የሂትለርን መርከብ? እባካችሁ የ30 ዓመት ወንድ በአሻንጉሊት ሲጫወት እያየሁ ዝም ብዬ ላግባ ወይስ ቀለበቱን ልመልስ?»

ደብዳቤው ይኸው ነው። እኔም በአንድ ወገን ወሬ መፍረድ ነውር ነው ብዬ፣ ልጅቷን አስፈቅጄ ልጁ ዘንድ ደወልኩ። መጀመሪያ ደንገጥ አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ና እና በዓይንህ እያት» አለኝ። ሄድኩ።

ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?

ልጁ የሚኖረው ከአባቱ ጋር ሲሆን ክፍሉ ግቢው ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል። መርከቧ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ጎኗ ተሠርቶ ተጋድማለች። የካርቶኑ ክዳን ላይ ማዕበል የምትሰነጥቅ ግዙፍ የጦር መርከብ ተስላለች። ስሟ «ቢስማርክ»። የሞዴሉ ሠሪ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው።

እኔ አሻንጉሊት መስሎኝ ነበር የሄድኩት። አሻንጉሊት ከካርቶኑ አውጥተህ ትጫወትበታለህ። ይቺን ግን ከካርቶኑ አውጥተህ ገና ትፈጥራታለህ። ክፍሎቿ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ነው የሚመጡት። ፋብሪካው ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ አቅልጦ፣ በከባድ ግፊት የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይረጨዋል። ፕላስቲኩ የሮጠባቸው ቦዮች ናቸው ዘንግ ሆነው የሚቀሩት። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው። መመሪያው ወረቀት ላይ 17 ቁጥር ከ23 ቁጥር ጋር ይጋጠማል ይልሃል፤ አንተ ፈልገህ ታገኛለህ፣ በጥንቃቄ ትቆርጣለህ፣ የተቆረጠበትን ጠባሳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ ያለ ሙጫ ገጥመህ ትሞክራለህ። ልክ ከመጣ ያኔ ታጣብቃለህ።

«ሙጫው እንደ ወረቀት ሙጫ እንዳይመስልህ» አለኝ። «የሁለቱንም ፕላስቲክ ጫፍ ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል። ከደረቀ በኋላ ልለያያቸው ብትል ይሰበራሉ እንጂ አይላቀቁም።»

«ታዲያ ይሄ ጋብቻ ነዋ!» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤው ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጥ አደረገው።

ልኬቷ አንድ ለ350 ነው። ይህ ማለት የእውነቷ ቢስማርክ 350 ጊዜ አንሳለች ማለት ነው። የእውነቷ ርዝመት 251 ሜትር ነበር። ሁለት የኳስ ሜዳ ጫፍና ጫፉን ብትገጥሙ እንኳ ገና 40 ሜትር ያህል ይተርፋታል። ለ350 ስትካፈል 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ጠረጴዛ ላይ ትገባለች። ስምንት ትልልቅ መድፎች አሏት፤ የእያንዳንዱ አፍ ስፋት 38 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ተሽከርካሪ ማማዎች ላይ ተቀምጠዋል። መርከበኞቹ ማማዎቹን እንደ ሰው አንቶን፣ ብሩኖ፣ ሴዛር፣ ዶራ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በልጁ ጠረጴዛ ላይ አንቶንና ብሩኖ ተሠርተው ቀለማቸው ይደርቃል። ሴዛርና ዶራ ገና ዘንጋቸው ላይ ናቸው።

ቀለም መቀባት ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የጦር መርከብ እንደ እኛው ልብሱን ይቀያይራል። ቢስማርክ በባልቲክ ባሕር ሳለች ጎኗ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመር ተቀብቶባት፣ አፍንጫዋና ጅራቷ አካባቢ ደግሞ የውሸት ማዕበል ተስሎባት ነበር፤ ከሩቅ የሚያያት ጠላት መጠኗንና ፍጥነቷን እንዲሳሳት ተብሎ። ወደ አትላንቲክ ከመውጣቷ በፊት ኖርዌይ ላይ በግራጫ ሸፈኗት። ስለዚህ ሠሪው መጀመሪያ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ የየትኛውን ቀን ቢስማርክ ነው የምሠራው? ቀኑን ሳይቆርጥ ብሩሽ ማንሳት አይችልም።

እሱ የቆረጠው ቀን ግንቦት 16 ቀን 1933 ዓ.ም ነው።

ግንቦት 1933

ይህን ቀን ስሰማ እኔም ቆም አልኩ። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው። እኛ አገር ሰዉ ገና በነፃነቱ ደስታ ላይ ሳለ፣ ልክ በ19ኛው ቀን፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 24 ቀን 1941፣ ከዓለም ጫፍ በአይስላንድና በግሪንላንድ መካከል ቢስማርክና «ሁድ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ንጋት ላይ ተገናኙ።

ሁድ የእንግሊዞች ኩራት ነበረች። 262 ሜትር ትረዝማለች፤ ለ20 ዓመት ያህል በግዝፈት የሚወዳደራት የጦር መርከብ አልነበረም። ውጊያው ከተጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ከቢስማርክ የተተኮሰ ጥይት አገኛትና ፈነዳች። ለሁለት ተከፍላ በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሰመጠች። ተሳፍረው ከነበሩት 1,418 ሰዎች የተረፉት ሦስት ናቸው። ሦስት መቶ አላልኩም፤ ሦስት! የመጨረሻው ቴድ ብሪግስ ይባሉ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2008 ነው ያረፉት።

ቢስማርክም አልዳነችም። በዚያው ውጊያ ተመትታ ነዳጇ መፍሰስ ስለጀመረ ወደ ፈረንሳይ ጠረፍ አቀናች። እንግሊዞች ያላቸውን መርከብ ሁሉ ከኋላዋ አሰለፉ። ግንቦት 18 ማምሻውን «አርክ ሮያል» ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሱ «ሶርድፊሽ» የሚባሉ አውሮፕላኖች መጡባት። ሶርድፊሽ ድርብ ክንፍ ያላትና ገላዋ በአመዛኙ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ያኔም ቢሆን ያረጀች የምትባል ቀርፋፋ አውሮፕላን ናት። ከነዚህ አንዷ የጣለችው ቶርፒዶ የቢስማርክን መሪ መታው። መሪ ያልኩት ከኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ መርከቧን ግራና ቀኝ የሚያዞራትን ነው። መሪው በተጠመዘዘበት ተቀረቀረ። ሞተሯ ይሠራል፣ መድፏ ይተኩሳል፣ ግን ወደምትፈልገው መሄድ አልቻለችም። በማግሥቱ ጠዋት የእንግሊዝ መርከቦች ከበው ቀጠቀጧት፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ሰመጠች። ከ2,200 በላይ ከሚሆኑት ሰዎቿ በሕይወት የወጡት 115 ገደማ ናቸው። ሲዋኙ የነበሩትን ማንሳት የጀመሩት የእንግሊዝ መርከቦች «ሰርጓጅ መርከብ ታየ» ተብሎ ብዙዎቹን ባሕር ላይ ጥለው ሄደዋል። ስብርባሪዋን ያገኘው ታይታኒክን ያገኘው ሮበርት ባላርድ ነው፤ በፈረንጆቹ 1989፣ ከ4,700 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጁ ነው። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ታሪኬ ውስጥ የማስታውሰው ቢስማርክ ሰውየውን፣ አፍሪካን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለመቃረጥ ነጮቹን በርሊን ላይ የሰበሰበውን ቻንስለር ነበር። ለካ መርከቧ ስሟን የወሰደችው ከእሱ ነው።

«የሂትለርስ ነገር?» አልኩት።

«የናዚ መርከብ ናት፤ አልክድም። ውሃ ላይ ስትወርድ ሂትለር ራሱ ቆሞ አይቷታል። ላይኛው ወለሏ ላይ ፊትና ኋላ ትልልቅ ስዋስቲካ ነበራት። እኔ አልሠራሁትም። መርከቧን የምሠራት ስለማደንቃቸው አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን?»

ለዚህኛው መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደ።

ይሄ ነገር ከየት መጣ?

እሱ መልሱን እስኪያወጣ እኔ የጠየቅሁትን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የጦር መርከብ ሞዴል የመሥራት ሱስ ፈረንጅ አገር የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬቭል የተባለው ኩባንያ በ1953 ያወጣት የመጀመሪያዋ የመርከብ ሞዴል «ሚዙሪ» ናት። ጃፓን እጅ መስጠቷን የፈረመችው በዚህችው መርከብ ላይ ነው፣ በመስከረም 1945።

ታሚያ ደግሞ ከጦርነቱ ማግሥት ሺዙኦካ በተባለች የጃፓን ከተማ በእንጨት ሥራ የተጀመረ ድርጅት ነው። ሞዴልም የሚሠራው ከእንጨት ነበር። የአሜሪካ ፕላስቲክ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እሱም ወደ ፕላስቲክ ዞረ። በ1960 ያወጣት የመጀመሪያዋ የፕላስቲክ ሞዴል ማን ብትሆን ጥሩ ነው? «ያማቶ»! የጃፓን ትልቋ የጦር መርከብ፣ በሚያዝያ 1945 ከ3,000 ገደማ ሰዎቿ ጋር የሰመጠችው። እስቲ አስቡት፤ በሰመጠች በ15 ዓመቷ የሟቾቹ ልጆችና ታናናሽ ወንድሞች በሚኖሩበት አገር፣ ወንዶች ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ያማቶን ይገጣጥሙ ነበር።

ይህን ሳስብ ነው የልጁ መልስ የገባኝ። ድል ያደረገም የተሸነፈም የባሕሩን ነገር በእጁ መንካት ይፈልጋል።

አባትየው

አባቱ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከባችን ሞተር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ «ኢትዮጵያ» መጀመሪያ የአሜሪካ መርከብ ነበረች። «ኦርካ» ትባል ነበር፤ በፈረንጆቹ 1944 ሥራ ጀምራ በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስትደግፍ ቆይታለች። በ1962 ለእኛ ተሰጠች፤ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብም ሆነች። ምጽዋ በ1982 ዓ.ም ወደቀች። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ተሻገረች፤ በኋላም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

አባትየው አብረዋት የመን ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። አገራቸው ተመልሰው ጋራዥ ገቡ፣ አገቡ፣ ይህን ልጅ ወለዱ። ስለ ባሕር ግን አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ቁም ሣጥን ውስጥ። በ2010 ዓ.ም ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል የሚለው ዜና ሲነገር ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ» አለኝ ልጁ። «ራት በልተን ‹ደህና እደር› ነው። እኔም ሠርጌ ደርሷል፣ ልወጣ ነው። ሳልጠይቃቸው ልወጣ ነው። ብጠይቃቸው ደግሞ አይመልሱም። የሳቸውን መርከብ ሞዴል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እንግዲህ የዚያው ጦርነት መርከብ ትሁን ብዬ ያገኘሁትን አዘዝኩ።»

የመጀመሪያውን ወር አባትየው በበሩ በኩል ሲያልፉ ዞር ብለውም አላዩ። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ በሩ ላይ ቆሙ። ልጁ የመርከቧን ሆድ ገልብጦ ፕሮፔለሮቹን ሊያጣብቅ ነበር። ቢስማርክ ሦስት ፕሮፔለር አላት።

«ግራና ቀኙን ቀያይረሃቸዋል» አሉ።

ልጁ መመሪያውን አየ። እውነታቸውን ነው። የግራውና የቀኙ ፕሮፔለር እንደ ሰው ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አባትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስመጡ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ራት ሲበላ ሳህኑ ሳይነሳ «የት ደረስን?» ማለት ጀመሩ።

እኔ በሄድኩበት ቀንም መጡ። ተነስቼ ሰላም አልኳቸው። «ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ» ብለው አጠገቤ አረፉ። መርከቧን እንዴት አገኟት ስላቸው ትንሽ አሰቡና፦

«ጥሩ ናት። ግን ሰዎቹስ?» አሉኝ።

ልጁ ቀድሞ አስልቶታል። በዚህ ልኬት አንድ ሰው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው የሚሆነው፤ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም አይበልጥ። ካርቶኑ ውስጥ አንድም ሰው አልመጣም።

«ቢመጡም እኛ አንኖርበትም» አሉ አባትየው። «እኛ ታች ነበርን። ሞተር ክፍል ያለ ሰው ከውጭ አይታይም። ላይ ያለው ቢያንስ ሰማዩን እያየ ነው የሚሞተው።» ከዚያ ስለ ምጽዋ ሙቀት፣ ከላይ ፀሐይ ከታች ሞተር ሲጠብሳቸው ስለነበረው፣ በፈረቃ ወጥተው ስለሚጠጡት ቀዝቃዛ ውሃ አወሩኝ። የሁለት ጓደኞቻቸውን ስም ጠሩ። ልጁ ብሩሹን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልሰማውን ነው የሚሰማው።

ነጭ ነጯን እንነጋገር

አሁን «ታዲያ ልጅቷ ተሳስታለች!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ ቆይ፤ አትቸኩሉ።

ይህን ሁሉ ለእሷ ነግሮ ያውቃል? አያውቅም። «ነገሩ ከሽፎ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም የአባቴ ገመና ነው» ነው የሚለው። እኔ እንድነግርለት ፈልጎ ነበር። «የራስህን ጉዳይ በራስህ አፍ» አልኩት። እሁድ ዕለት ጠርቷት ነገራት። እኔ አልነበርኩም፤ በማግሥቱ ስልክ የደወለችልኝ እሷ ናት። ይቅርታ ጠይቄ ተቃቀፍን የምትል መስሏችሁ ነበር? በንዴት እየተንቀጠቀጠች ነበር።

«አባቱ እንደዚህ ማውራት እንደሚችሉ እንኳ አላውቅም ነበር!» አለችኝ። «አራት ዓመት ሰላም ብያቸዋለሁ፤ አራት ዓመት! ልገባበት ያለሁት ቤት አይደለም እንዴ? እኔ ለካ ባዳ ነኝ።»

ልክ ናት። ስለዚህ ፍርዴ ለሁለቱም ነው።

ለአንተ፣ ወንድሜ። የሠራኸው ሥራ ቁም ነገር ነው። ግን በጋራ ካጠራቀማችሁት ብር ሳትነግራት ማንሳትህ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱ ቢያምርም ጥፋት ነው። ብሩን ከደሞዝህ እየቆረጥክ ቦታው መልስ። ቅዳሜ የእሷ ይሁን፤ ቀለም እስከ እሁድ ቢቆይ አይከፋውም። ዋናው ጥፋትህ ግን ብሩም ቅዳሜውም አይደለም፤ ዝምታህ ነው። በአባትህ ዝምታ ስትቃጠል ኖረህ፣ ያንኑ ዝምታ ወደ ራስህ ትዳር ልታስገባው ነበር።

ለአንቺ፣ እህቴ። ሦስት ወር «እጄ ሙጫ ነክቷል» መባል እንደሚያናድድ ይገባኛል። ነገር ግን «አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል ደጋግመሽ ስለጠራሽበት እሱም ሊነግርሽ አፈረ። ሰው የተሳቀበትን ነገር ልቡን ከፍቶ አያሳይም። ቀለበት ከመመለስሽ በፊት አንዲት ማታ ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ለመሥራት አይደለም፤ ለመስማት። አባትየው የሚያወሩት ለልጃቸው ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ ነገ የልጅ ልጆቻቸው እናት ትሆኚ ይሆናል። ከዚያ በኋላም ልብሽ ካልገባ፣ ቀለበቱ የትም አይሄድም፤ ያኔ ትወስኛለሽ።

ደግሞ ሁለታችሁም ከዚያችው መርከብ አንድ ነገር ተማሩ። ቢስማርክ ከሁድ ጋር ተታኩሳ ተመትታም እየሄደች ነበር። ጉዞዋን የቆረጠው መሪዋ ነው፤ ማንም ልብ የማይለው፣ ከውሃ በታች ያለ ነገር። እናንተም የተጣላችሁት በመርከብ አይደለም። «ለምን?» ብሎ አለመጠየቅና ቀድሞ አለመናገር ነው የተቀረቀረው።

እናንተስ?

እንዲህ ዓይነት ሱስ ያለው ፍቅረኛ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሞዴል ይሁን፣ ጊታር ይሁን፣ እርግብ ማርባት ይሁን፣ ቀለበት ከማውለቃችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ የቤት ኪራይ፣ የምግብ ወይም የጋራ ብር ይነካል? ከነካ በግልጽ ይነጋገሩበት፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስትጠሩት ያቆማል? «አስር ደቂቃ» ብሎ በአስር ደቂቃ የሚነሳ ሰው ጨዋታ ነው የያዘው። ታምማችሁም ጠርታችሁት የማይነሳ ከሆነ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ ያስገባችኋል? በሩን ከፍቶ «ነይ እይ»፣ «ና እይ» የሚል ሰው የሚሸሽ ሰው አይደለም። በር የሚዘጋ ከሆነ ግን ከበሩ በስተኋላ ያለው ሞዴል ሳይሆን ሌላ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ጠይቁ።

«እኔም መሥራት አማረኝ» ለምትሉ ደግሞ ልጁ የነገረኝን ላካፍላችሁ። በትልቁ አትጀምሩ። በአንድ ለ700 ልኬት የምትሠራ ቢስማርክ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ልኬት ከውሃ በታች ያለው ሆዷ ቀርቶ ጠረጴዛ ላይ እንደተንሳፈፈች የምትቀመጥ ዓይነትም አለ። ዋጋውን ስታሰሉ መላኪያውንና ቀረጡን አትርሱ። መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም፤ ለመቁረጥ ስል ጥፍር መቁረጫ፣ ለማለስለስ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ለትንንሾቹ ወረንጦ፣ ሙጫውን በነጥብ በነጥብ ለማድረግ ስቴኪኒ። ከፋብሪካ የሚመጣ ቅባት ቀለም እንዳይዝ ስለሚያደርግ ክፍሎቹን ቀድማችሁ በሳሙና አጥባችሁ አድርቋቸው። ክፍሉን ከመሥሪያው ሰዓት በፊት ከዘንጉ አትቁረጡት፤ ቁጥሩ ይጠፋችኋል። ሙጫውና ቀለሙ ኃይለኛ ሽታ ስላለው መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃን ካለ ምላጩንና ሙጫውን አርቁ። በቀን ከአንድ ሰዓት አትለፉ። ይህኛው ምክር የእኔ ነው።

እና ዋናው፤ ብቻችሁን አትሥሩት። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አይጠፋም፤ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ አጎት። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ንገረኝ» ሲባል የማይናገር ሰው፣ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። መርከብ ካላገኛችሁ የተበላሸ ሬዲዮም ይሆናል፤ ብስክሌትም ይሆናል። ግራና ቀኙን ቀያይራችሁ ስትገጥሙ በበሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ቆም ይላል።

ሴዛርና ዶራ ገና አልተሠሩም፤ ሠርጉም ቀን አልተቆረጠለትም። የደረሱበትን ካሳወቁኝ አሳውቃችኋለሁ። እናንተም ያላችሁን ጻፉልኝ፤ ስማችሁ ይቆያል። ቸር እንሰንብት!